ለሲስተር ይድረስ፦ ስለ ሙቀቱ የጻፋችሁልኝ

ግንቦት ሲገባ የደብዳቤው ዓይነት ይለወጣል። ከዚያ በፊት ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ነው የምትጠይቁኝ። አሁን ወሬው ሁሉ ሙቀት ሆኗል። አልፈርድባችሁም። ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ነጠላዬን ውሃ ነክሬ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው። የጎረቤት ውሻ መጮህ ትቶ ቧንቧው ሥር ጭቃው ላይ ተዘርግቷል።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ ድሬዳዋ ላይ 31 ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ብዙዎቻችሁ «እርስዎ» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም። እዚህ የዘጠና ዓመት ሽማግሌም «አንተ» ቢባል ቅር አይለውም። «አንቺ» በሉኝ አቦ።

«ሲስተር፣ ባለቤቴ ሥራ ደርሶት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከመጣን ሁለት ወራችን ነው። የተከራየነው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። የአራት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ቤቱ ምጣድ ነው። ልጅቷ ትነጫነጫለች፣ አንገቷ ሥር ቀይ ሽፍ ብሎባታል። አማቴ በስልክ ‹ውሃ በስኳር በጥብጠሽ አጠጫት፤ ደግሞ ብርድ እንዳይመታት ጠቅልለሽ ያዣት› ይሉኛል። ግራ ገባኝ።» (ከሳቢያን)

የኔ ልጅ፣ አማትሽ ለክፉ ብለው አይደለም። እሳቸው ልጅ ያሳደጉት ጠዋት ጠዋት ጋቢ በሚያስፈልግበት አገር ነው። ከእሳቸው ጋር አትከራከሪ፤ «ሲስተር ከለከለችኝ» በያቸው፣ እኔ ልሰደብ።

ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ውሃ አይሰጥም። በስኳርም፣ ያለ ስኳርም፣ በሙቀትም ቢሆን። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ከሰጠሻት ትንሿ ሆዷ በእሱ ይሞላና ጡቱን ትተዋለች፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። ቶሎ ቶሎ አጥቢያት። በዚህ ሙቀት ልጆች አጠር አጠር አድርገው ደጋግመው ነው የሚጠቡት፤ «ወተቴ አነሰ መሰለኝ» ብለሽ አትደንግጪ። ውሃውን አንቺ ጠጪ። ጡት ባጠባሻት ቁጥር አንድ ትልቅ ብርጭቆ አጠገብሽ ይኑር።

በቂ መጥባቷን የምታውቂው በሽንቷ ነው። በቀንና በሌሊት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበች ደህና ነች። ሽንቷ ካነሰና ከጠቆረ፣ እርግብግቢቷ ጎድጎድ ካለ፣ ወይም ጡት ስትሰጫት የማትፈልግና ዝም ብላ የምትተኛ ከሆነ ግን ማታ እስኪሆን አትጠብቂ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ። የሚያለቅስ ልጅ ያን ያህል አያስፈራኝም። በሙቀት ቀን ጭጭ ያለ ልጅ ነው የሚያስፈራኝ።

ሽፍታው የሙቀት ሽፍታ ነው የሚመስለኝ። በንጹሕ ውሃ እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ፣ አየር ያግኘው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ፓውደር አትቀቢው፤ ላቡ የሚወጣበትን ይደፍነዋል። ቀን ቀን ዳይፐሯ ወይም አንድ ስስ የጥጥ ልብስ ይበቃታል። አንቀልባ ላይ አዝለሽ ሥራ አትሥሪ። ጀርባሽም እሷም ምድጃ ናችሁ፤ ሁለት ምድጃ አንድ ላይ ታስሮ አይቀዘቅዝም።

አሁን ወደ ቤቱ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ፀሐዩን ተቀብሎ እናንተው ላይ ይመልሰዋል። አከራይሽ ኮርኒስ ካላሠራ የድሮውን ዘዴ ሞክሪ። ልጅ ሆኜ የእኛ ቤት ጣሪያ በአቡጀዲ ነበር የተወጠረው። እናቴ በየዓመቱ አውርዳ ታጥበው ነበር። ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ አየር መሐል ለመሐል እንዲያልፍ ሆኖ ከተወጠረ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባትም ይረዳል፤ ነጭ ብርሃኑን ይመልሰዋል።

ደጋ ያደገ ሰው ሞቀኝ ብሎ በስድስት ሰዓት መስኮት ይከፍታል። እዚህ ተቃራኒው ነው። ንጋት ላይ ሁሉን ከፍተሽ ቀዝቃዛውን አየር አስገቢ። ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ የሚመታውን መስኮት ዝጊ፣ መጋረጃውን ጣይ። ጀንበር ስትጠልቅ እንደገና ክፈቺ። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ግን እዚያ ቤት ባትውሉ እመርጣለሁ። የባቡሩ መሐንዲሶች በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ የሠሩት ከዚራ ሰፈር ዛሬም ከሌላው ቀለል የሚለው ጎዳናው ዛፍ ስለለበሰ ነው። ሳቢያንም ዛፍ ያለው ጎረቤት አይጠፋም። ቡና ይዘሽ ሂጂ። ድሬ ላይ ሰው ቤት ለመቀመጥ ቀጠሮ አይያዝም።

ሌሊት ብዙ ሰው ግቢ ወጥቶ ነው የሚተኛው። እናንተም ተኙ፤ ግን ያለ አጎበር እንዳይሆን። ሙቀቱና የውሃ እጥረቱ አንድ ላይ ስለሚመጡ ሁሉም በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል፤ ትንኟም እዚያው ትፈለፈላለች። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ ወባ ይህችን ከተማ አስተኝተዋታል። የዴንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝ ቀንም ትናከሳለች። ስለዚህ ሮቶው ይከደን፣ በርሜሉ በጨርቅ ይታሰር፣ ሕፃኗ ቀንም ስትተኛ አጎበር ውስጥ ትሁን።

«የ67 ዓመት አባቴ መተሐራ አካባቢ ሽንኩርት ያመርታል። ባለፈው ሳምንት በቀትር ሲኮተኩት ውሎ ራሱን ይዞ መጣ። እየተንገዳገደ ነበር፤ የሞተ ወንድሙን ስም እየጠራ ያወራ ነበር። እናቴ ‹ምች ነው› ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፣ ጋቢ አልብሳ አጠነችው። ባሰበት፣ አስመለሰው። ጎረቤት በባጃጅ ክሊኒክ ወስዶት ተረፈ። ‹ፀሐይ ለምጃለሁ፣ እኔ ዕድሜዬን እዚህ ነኝ› ይላል። ምች ነበር ወይስ ሌላ?» (ከመተሐራ)

እግዜር አተረፈላችሁ። ለጎረቤታችሁም ምርቃት ይገባዋል።

ዳማከሴን አልነቅፍም። እኔም ጓሮዬ ተክያለሁ፤ እዚህ ሙቀት አላደገልኝም እንጂ። ብዙ ጊዜ ምች የምንለው ትኩሳቱ፣ የራስ ምታቱና ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ነው። ያ ሰው ያመዋል እንጂ ስሙንና ቀኑን ይናገራል። አባትሽ ግን የሚያወራውን አያውቅም ነበር። ከፀሐይ የመጣ ሰው ሲቀባዥር፣ ሲንገዳገድ፣ ሲያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን ሲስት የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ አእምሮውን ነክቶታል ማለት ነው። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል። ጋቢ ማልበስና ማጠን ደግሞ የሚነድ ቤት ላይ እንጨት መጨመር ነው። እናትሽን ግን አትውቀሻት። ሆስፒታል ሆኜም ስንቱን «ሰክሮ ነው»፣ «ዛር ነው» ተብሎ ዘግይቶ ሲመጣ አይቻለሁ። አንዱ የጭነት አራጋፊ ነበር። ስሙንና ዕድሜውን ለካርድ ስንጠይቅ አሥር ደቂቃ አለፈ። ያቺን አሥር ደቂቃ ዛሬም አልረሳትም። ከዚያ በኋላ በእኔ ተራ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ካርድ ሆነ።

ሌላ ጊዜ እንዲህ አድርጉ። ጥላ ሥር አስተኙት፣ ልብሱን አውልቁ። ገንዳ ወይም የመስኖ ቦይ አጠገብ ካለ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ይዛችሁ አንገቱ ድረስ ንከሩት። ከሌለ ውሃ በባልዲ እያፈሰሳችሁ በካርቶን፣ በሰፌድ፣ ባገኛችሁት አራግቡት። አታቁሙ። መኪና እስኪመጣ አፍሱ፣ መኪናው ላይም አፍሱ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውሃም ዳማከሴም አትጨምሩ፤ ሳንባው ይገባል። ፓራሲታሞል ለዚህኛው ሙቀት አይሠራም።

ስለ «ለምጃለሁ» ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ምድቤ አሳይታ ነበር። 22 ዓመቴ። ድሬ ተወልጄ ሙቀት ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ ተኩራርቼ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ለክትባት በእግር ስንዞር፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ዓይኔ ጨለመና ወደቅኩ። ስነቃ አንዲት የአፋር አሮጊት ከስልቻዋ አንገቴና ብብቴ ላይ ውሃ ታንጠባጥባለች፣ በሰሌን ታራግበኛለች። የምጠጣው ስጠይቃት ቀና ብዬ እስክቀመጥ ከለከለችኝ። ደግሞ ትስቅብኝ ነበር። የደንብ ልብሴ ካልሲ ነበረው፤ እሱን እያሳየች ነው የምትስቀው።

ሰውነት በእርግጥ ይለምዳል። አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ቶሎና ብዙ ማላብ ይጀምራል፣ ላቡም ጨው ይቀንሳል። ግን የለመደው ለተወሰነ ልክ ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ አሳይታ ከ400 ሜትር በታች። ያን ዕለት ለእኔ ያ ልዩነት በቃኝ። ዕድሜም ሲገፋ ጥሙም ላቡም ይቀንሳል። አባትሽ በ40 ዓመቱ የለመደውን በ67 ሰውነቱ ረስቶታል። ሽንኩርቱን ከንጋት እስከ አራት ሰዓት ይኮትኩት፣ ከዚያ ከአሥር በኋላ ይመለስ። ብቻውንም አይሁን።

«ሪያድ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሳሎኑ ኤሲ አለው፣ ወጥ ቤቱ የለውም። ልብስ የማሰጣው ጣሪያ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀትር። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ራሴን ያዞረኛል፣ እግሬን ቁርጠት ይይዘኛል። ሽንቴም እንደ ሻይ ሆኗል።» (እህታችሁ)

የኔ እህት፣ ሽንትሽ ነግሮሻል። ውሃ አንሶሻል። ቁርጠቱ ደግሞ ከላቡ ጋር ጨውም እየወጣ መሆኑን ያሳያል። ጥም እስኪመጣ አትጠብቂ፤ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ የራስሽ አድርጊና ወጥ ቤት አስቀምጪው። ብዙ ባላበሽ ቀን ይህን በጥብጪ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልሙጥ እንጂ ቁልል አይሁን። ጨው መብዛቱ ጉዳት አለው። ቀኑን ሙሉ እየተጎነጨሽ ጨርሺው።

ሳውዲ ውስጥ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ገደማ፣ በፈረንጆቹ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ግን ደንቡ የግንባታና የመሳሰለውን ሠራተኛ በማሰብ የወጣ ነው። አንቺ ጣሪያ ላይ ስትወጪ የሚያይ ተቆጣጣሪ የለም። ስለዚህ በዘዴ ነው። እመቤትሽን «በቀትር ሲሰጣ ቀለሙ ይለቃል፣ ማለዳ ላስጣው» በያት። ውሸትም አይደለም፤ ፀሐይ ቀለም ያነጣል። ለአንቺ ባታዝን ለልብሱ ታዝናለች። የግድ መውጣት ካለብሽ ሻሽሽን ነክረሽ እሰሪ፣ ክንድሽን እስከ ክርንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊ፣ ከዚያ ውጪ። አምስት ደቂቃ አስጥተሽ ግቢ፣ ቀሪውን በሌላ ዙር። ስታበስዪ ማራገቢያ ካለ አብሪው፤ ፊትሽን ግን መጀመሪያ አርጥቢ። አየሩ ከሰውነት በላይ ሲሞቅ በደረቅ ቆዳ ላይ የሚነፍስ ማራገቢያ የምድጃ ትንፋሽ ነው።

ማዞሩ ከቀጠለ፣ ወይም ካስመለሰሽ፣ ሥራውን ጣይና ሳሎን ገብተሽ ተጋደሚ። ይቆጡ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ፣ ሐጅ ላይ፣ መካ 51.8 ዲግሪ ሲደርስ ከ1,300 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ ፈቃድ ስላልነበራቸው ማረፊያ ድንኳን ሳያገኙ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። የእነሱን ስነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ ቅንጦት እንዳይመስልሽ ነው።

«ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። የ74 ዓመት እናቴ ከደብረ ታቦር መጥታ ከእኔ ጋር ናት። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ወበቁ አይጣል ነው። እሷ ግን ኤሲውን ‹ብርድ ይመታኛል› ብላ ታጠፋዋለች፤ ጋቢም ትደርባለች። የደም ግፊትና ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ትወስዳለች። ፍልሰታን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ትጾማለች። እኔ ሥራ ነኝ። ምን ብዬ ላሳምናት?» (ልጇ)

ወንድሜ፣ ይህ ደብዳቤ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እናትህ ላይ ሁሉም ነገር ተደራርቧል፦ ዕድሜ፣ ኪኒኑ፣ ጾሙ፣ ብቸኝነቱ።

መጀመሪያ የወቅቱን ስም እናስተካክል። ለእሷ ነሐሴ ክረምት ነው። ጉም፣ ጭቃ፣ እሳት ዳር። አካሏ ቨርጂኒያ ነው፣ የቀን መቁጠሪያዋ ግን ደብረ ታቦር ነው። «ሰመር ነው» ስትላት አይገባትም። «እማዬ፣ እዚህ ነሐሴ እንደ ጎንደር መተማ ነው» በላት። ደጋ ላደገ ሰው መተማ ማለት ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

የእናንተ አገር ሙቀት ከእኛው የሚከፋው በወበቁ ነው። ድሬ ላይ ላብ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ነው የሚያቀዘቅዘው። አየሩ ራሱ ርጥብ ከሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 ቺካጎ በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰው ሞቷል፤ በ2003 ፈረንሳይ ወደ 15,000። ከሞቱት ብዙዎቹ ብቻቸውን ቤት የነበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ልጆቻቸው ለዕረፍት ሄደው፣ ወይም እንዳንተ ሥራ ላይ ሆነው።

ኤሲውን 26 ዲግሪ ላይ አድርገው። ወንበሯን ነፋሱ በቀጥታ ከማይደርስበት አዙረው። አብዛኛው «ብርድ መታኝ» ከዲግሪው ሳይሆን ማጅራት ላይ ከሚነፍሰው ነው። ጋቢዋን አትንጠቃት፤ በነጠላ ትለውጠው። ካልሆነ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ ላይብረሪ ወይም የገበያ አዳራሽ ውሰዳት፤ ሁለት ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ መቆየትም ትልቅ ነገር ነው። ቀን ሁለቴ ደውል። «እንዴት ነሽ» አትበላት፤ እናት ሁልጊዜ ደህና ናት። «ምን በላሽ፣ ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ፣ ማን ደወለልሽ» በል። መልሱ ከተምታታ ጎረቤት ላክ፣ 911 ደውል።

ኪኒኑን በራሳችሁ አታቁሙት። ውሃ የሚያስወጣው በሙቀት ወራት መጠኑ ሊስተካከል ስለሚችል አሁኑኑ ሐኪሟን ጠይቅ። የልብ ድካም ካለባት ደግሞ በቀን የምትጠጣው ውሃ ልክ ሊኖረው ይችላልና እሱንም ይንገራችሁ።

ፍልሰታን በተመለከተ እኔ ነርስ ነኝ፣ ቄስ አይደለሁም። አንተም አይደለህም። ስለዚህ አንተ «አትጹሚ» ብትላት እልህ ትገባለች። ንስሐ አባቷን አነጋግር፤ ኪኒኗን፣ ዕድሜዋን፣ ሙቀቱን ንገራቸው። ለታመመና ለደከመ ቤተ ክርስቲያን ቀኖናው ሰፊ ነው። አባ «ውሃሽን ጠጪ፣ ኪኒንሽን ዋጪ፣ ከሥጋና ከወተቱ ተከልከዪ» ካሏት እኔና አንተ በዓመት የማናሳምናትን በአንድ ደቂቃ ትሰማለች። የራሴ እናት እንዲህ ነው የተረታችው።

«ሲስተር፣ እኛ ጀማው በርጫ ላይ በር መስኮት ዘግተን ነው የምንቅመው። ሙቀት ላይ ጉዳት አለው እንዴ?» (መጋላ፣ አምስት ሆነን)

አለው እንዴ ትላላችሁ! ጫት የልብ ምትና የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ስምንት ሰዓት ላይ፣ በተዘጋ ክፍል፣ አምስት ሰው፣ ሲጋራ ጭሶ። ተዉት ብላችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፤ ወንድሞች አሉኝ። ቢያንስ ምሳ በልታችሁ ጀምሩ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ከለስላሳው ይልቅ ውሃ ይብዛ። ከመካከላችሁ የልብ ወይም የግፊት በሽተኛ ያለው ግን በዚህ ወር ይቅርበት። ማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

«ሰመራ ነኝ። ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ ይሞቃል። መድኃኒቱን ልጣለው?» (አስተማሪ)

ቶሎ አትጣለው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የጀመርከውን ግን በጥላ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ትጠቀምበታለህ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት የኬንያውን የስደተኞች ጣቢያ ሙቀት አስመስለው ሞክረውታል፤ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን አልጣለም። ችግርህ ሰመራ 37ን ማለፏ ነው።

ስለዚህ ሸክላ። ሁለት የሸክላ ማሰሮ ግዛ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ። መሐሉን አሸዋ ሙላና አሸዋውን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣው። ኢንሱሊኑን በፕላስቲክ ጠቅልለህ ውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ አስቀምጥ፣ በርጥብ ጨርቅ ክደን። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሁን፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አይሠራም። የሰመራ አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይቀዘቅዛል። መብራት ሲመጣ ቶሎ ይቀዝቅዝ ብለህ ከበረዶው ቤት አታስገባው፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን አይመለስም። ጠርሙሱ ውስጥ የጓጎለ ወይም ብትንትን ያለ ነገር ካየህ፣ ወይም ስኳርህ ያለ ምክንያት ከወጣ፣ ያኔ ጣለው።

አሸዋውን ማጠጣት ለልጆችህ ስጥ። የእኔው ልጅ የአባቱን ማሰሮ ያጠጣ ነበር፤ አንዳንዴ በፔፕሲ።